ድህነትን ያሸነፈ ሥራ፣ ያልዳነ ቁስል፡ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው መንገድ ጭልጋንና ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ከመድረሱ በፊት ኮኪትን ያገኛል። አገሩ ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። በክረምት የአረም ጊዜ ሲደርስ፣ ኋላም መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ በአጨዳ ጊዜ፣ ከደጋና ከወይና ደጋ ብዙ ወጣት የቀን ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ይወርዳል። ሰሊጥ ለሰነፍ ጊዜ አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ መያዣው እየተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ሙቀቱንና ወባውን ችሎ ከንጋት እስከ ምሽት ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፤ ነዶውንም እያሰረ ያቆማል።

ወቅቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም እኩል ሆኖ አይመለስም። አንዱ የበሬ ወይም የበግ መግዣ ይዞ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ሌላው የወራት ላቡን በጥቂት ሌሊት መጠጥ ቤት ውስጥ አፍስሶ ባዶ እጁን ይቀራል። ሦስተኛው ደግሞ ዘመድ የለኝም፣ መሬት የለኝም፣ ድህነት ዕጣዬ ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጥና ዐይኑን ወደ ድንበሩ ማዶ፣ ወደ በረሃው የስደት መንገድ ይጥላል። ይህ የገንዘብ ነገር ብቻ ሳይሆን የነፍስም ነገር ነውና ቤተ ክርስቲያን ዝም ብላ የምታልፈው አይደለም። ሰው ከድህነት የሚወጣው በምን ዓይነት አሳብና በምን ዓይነት ድካም ነው? ከወጣስ በኋላ ከምን ሊጠነቀቅ ይገባዋል?

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ከመተማ በስተደቡብ ባለችው በቋራ ቆላ የተወለደ፣ አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ የድሃ ልጅ ተብሎ የተሰደበ፣ በመጨረሻም የኢትዮጵያን ዘውድ የጫነ ሰው አለን። እርሱም ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ታሪኩን የምናነሣው ለማሞገስ ብቻ ወይም ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። በሕይወቱ ውስጥ ልንከተለው የሚገባም፣ ልንሸሸው የሚገባም ትምህርት ስላለ ነው።

አባት አልባው የቋራ ልጅ

ካሣ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከአገረ ገዥዎች ወገን ነበሩ፤ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ስለዚህ ካሣ ያለ ዘር ያለ ስም የተወለደ ልጅ አልነበረም። ነገር ግን አባቱ ገና በልጅነቱ ዐረፉ። የቀረውንም ሀብት ዘመዶች ተከፋፈሉት፤ ለእናትና ለልጅ የተረፈው ጥቂት ነበር። ድህነት ሁልጊዜ ከስንፍና ብቻ እንደማይመጣ ከዚህ እንረዳለን። ሞት፣ ጦርነትና የባለ ጉልበት ዘመድ ስስት ታታሪውንም ሰው ባዶ ያስቀሩታል። ስለዚህ ድሃን ባየን ጊዜ ሰነፍ ነው ብለን ለመፍረድ አንቸኩል።

ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ሄዱ። በዚያም ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን እንዳሳደጉ ሲነገር ኖሯል። ኮሶ ከዛፉ አበባ የሚዘጋጅ መራራ የሆድ ትል መድኃኒት ነው፤ በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው፣ መኳንንቱም ጭምር፣ ይጠጡት ነበር። መድኃኒቱን ሁሉም ይፈልገዋል፤ የምትሸጠውን ሴት ግን ሁሉም ዝቅ አድርጎ ያያታል። በዘመኑ የነበረው የሥራ ንቀት እንዲህ ያለ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻ ሠርቶ አገር ሲያበላ ይሰደባል፤ ሸማኔው ሸማ ሠርቶ ሲያለብስ ይናቃል። ልጅዋን በሐቅ ያሳደገች እናትም ሥራዋ ለልጅዋ መሰደቢያ ሆነ። ይህ ስድብ በካሣ ሕይወት ውስጥ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ወደ ኋላ እናየዋለን።

እናቱ ግን ያላቸውን ትልቁን ነገር አልነፈጉትም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስገቡት። ካሣ በጎንደርና በጣና ሐይቅ መካከል በነበረው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ፊደል ቆጠረ፤ ዳዊት ደገመ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን አነበበ። በዘመነ መሳፍንት ግን ገዳም እንኳ ከጦር አያስጥልም ነበር። በጦርነት የተሸነፈ አንድ መኰንን ቁጣውን በገዳሙ ላይ አወረደ፤ ሕፃናት ተማሪዎችም አለቁ። ካሣ ከዚያ እልቂት አምልጦ ወደ ቋራ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገባ። በቋራና በመተማ ቆላ ባለው በማኅበረ ሥላሴ ገዳምም እንደ ተጠለለና እንደ ተማረ በአገሩ ትውፊት ይነገራል። ማኅበረ ሥላሴ እንደ ስሙ የአንድነት ገዳም ነው፤ መነኮሳቱ በአንድነት የሚጸልዩበት፣ በአንድነትም የሚሠሩበት ነው።

ያ ትምህርት በሕይወቱ ሙሉ አልተለየውም። በኋላ ዘመን ያገኙት የውጭ አገር ሰዎች የመጻሕፍት ዕውቀቱን አድንቀው ጽፈዋል። ድሃ እናት ለልጅዋ መሬት ማውረስ ባትችል ትምህርት ማውረስ ትችላለች። ርስቱን ዘመድ ይቀማዋል፤ ዳዊቱን ግን የሚቀማው የለም።

ምርኮውን ማረሻ ያደረገ

ደጃዝማች ክንፉ የቋራና የደንቢያ ገዥ ነበሩ፤ በ1829 ዓ.ም ከግብፅ ጦር ጋር በድንበሩ ላይ ተዋግተው ድል አድርገዋል። ካሣም የጦር ሥራ የተማረው በእርሳቸው ቤት ነው። ክንፉ ሲሞቱ ግን ግዛቱ ወደ እቴጌ መነን፣ ወደ ራስ ዓሊ እናት፣ እጅ ገባ። ካሣ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። በጎጃም በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ጥቂት ካገለገለ በኋላ ወደ ቋራ በረሃ ተመልሶ ሸፈተ።

ሽፍትነት ለማንም ምሳሌ አይሆንም። የሰውን ገንዘብ በኃይል መንጠቅ በደል ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም አታጸድቀውም። ዛሬም በዚያው በረሃ ገበሬን የሚያግት፣ መንገደኛን የሚዘርፍ ሁሉ የካሣን ስም መሸሸጊያ ሊያደርገው አይገባም። የካሣ ታሪክ ከሌላው ሽፍታ የሚለየው በሌላ ነገር ነው። ዜና መዋዕሉን የጻፉት ደብተራ ዘነብ እንደሚተርኩት፣ ቋራ በተራበ ጊዜ ካሣ ያገኘውን ገንዘብ ለድሆች አከፋፈለ፤ ነገር ግን በልተው እንዲጨርሱት ሳይሆን የእርሻ መሣሪያ እንዲገዙበት አዘዘ። ሕዝቡም ዱሩን መንጥሮ ቆፈረ፤ ዘራ፤ ጠገበ። እርሱና ተከታዮቹም አብረው ደከሙ።

ይህ ነገር ቀላል ቢመስልም ከድህነት የመውጫው አሳብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተገኘ ገንዘብ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ወደ ሆድ ይሄዳል፤ ነገ ተመልሶ ይራባል። ሌላው ወደ መሣሪያ ይሄዳል፤ ነገ ሌላ እህል ያመጣል። ካሣ ለተራበ ሰው ማረሻና መቆፈሪያ የሰጠው ርኅራኄ አጥቶ አይደለም፤ ራሱ ተርቦ ያደገ ነበርና የአንድ ቀን ጥጋብ ከድህነት እንደማያወጣ ያውቅ ነበር። ጌታችን በወንጌል ስለ መክሊት በተናገረው ምሳሌ የተቀበለውን ቆፍሮ የቀበረው አገልጋይ መወቀሱን እናስታውስ። እርሱ የተወቀሰው ስለ ሰረቀ አይደለም፤ የተሰጠውን ሳይሠራበት ስለ ተወው ነው።

ከሽንፈት የተማረ

እቴጌ መነንና ራስ ዓሊ የካሣን ማየል አይተው በዝምድና ሊያስሩት አሰቡ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ለማስገሪያ የታሰበ ቢሆንም በእግዚአብሔር ቸርነት እውነተኛ ፍቅር ሆነ። ካሣ ለሚስቱ ታማኝ በመሆን ይታወቅ ነበር፤ ወይዘሮ ተዋበችም ከገዛ አባታቸው ይልቅ ከባላቸው ጋር ቆሙ። ቤተ መንግሥቱ ግን ካሣን መናቁን አልተወም። በዚህም የተነሣ ዳግመኛ ሸፈተ፤ በ1839 ዓ.ም ጎንደርን ያዘ፤ በዚያው ዓመትም እቴጌ መነንን በጦርነት ማረካቸው። ለመፈታታቸውም አባቱና ዘመዶቹ ይገዙት የነበረውን አገር ተቀበለ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1840 ዓ.ም፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወርዶ ደባርቂ በተባለው ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ጠላት በምሽግ ውስጥ ሆኖ፣ መድፍ ይዞና በሥርዓት ተሰልፎ ነበር የጠበቀው። የካሣ ሠራዊት ጀግንነት ቢኖረውም ሥልጠና አልነበረውም፤ ብዙ ሰው አለቀበት፤ ተሸንፎም ተመለሰ።

ሰው ከሽንፈት በኋላ የሚያደርገው ነገር ማንነቱን ይገልጣል። አንዳንዱ ዕድሌ ነው ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዱ የተሸነፈበትን ምክንያት በሌላው ላይ ይለጥፋል። ካሣ ግን ለምን እንደ ተሸነፈ መረመረ፤ ድፍረት ብቻውን ያለ ሥርዓትና ያለ መሣሪያ ዋጋ እንደሌለው ተረዳ። ከዚያ ወዲህ ወታደሮቹን በሥርዓት ማሠልጠን ጀመረ፤ የጦር ሥልጠና የሚያውቁ ከድተው የመጡ ሰዎችንም ሥራ ሰጣቸው። ከጠላት ለመማር አላፈረም። የዚህም ፍሬ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ። በ1845 ዓ.ም ኅዳር ላይ በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ በጎርጎራ አቅራቢያ የራስ ዓሊን የጦር አለቆች፣ በሰኔ ደግሞ በአይሻል ራስ ዓሊን ራሳቸውን ድል አደረገ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤን በስሜን ደረስጌ ላይ አሸንፎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ። የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብሎ የተሰደበው የቋራ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

ድንጋይ የተሸከሙ ንጉሥ

ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ በኋላም ሥራን አልናቁም። ካወጧቸው የመጀመሪያ ዐዋጆች አንዱ ሁሉም ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚያዝዝ ነበር፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሌላውም እያንዳንዱ ወደ አባቱ ሙያ እንዲገባ አዘዙ። በዘመነ መሳፍንት ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ ያለ ድካም መብላት የለመደ ነበርና ይህ ዐዋጅ የአገሪቱን ደዌ የነካ ነበር።

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ጥበብ የሚያውቁ አውሮጳውያንን ሰብስበው ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ እንዲማሩ አደረጉ፤ የተናቀው የብረት ሥራ በቤተ መንግሥት ፊት ከበረ። ተራራ እየተናደ መንገድ ሲሠራ ንጉሡ በዙፋን ተቀምጠው አላዘዙም። ወርደው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኰንንም ሸማውን አደግድጎ ከመሥራት በቀር አማራጭ አልነበረውም። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው ከባድ መድፍ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም ድረስ መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየደለደሉ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ እስከ መቅደላ አደረሱት።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ሰው ሊኮረጅ የሚገባው ሰው ነው። በልጅነቱ ተማረ፤ ያገኘውን ወደ መሣሪያ ለወጠ፤ ከሽንፈቱ ዕውቀት ቀሰመ፤ ከፍ ካለም በኋላ ከሥራ አልራቀ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለመስበክ በቀለለን ነበር። ግን አያበቃም።

ያልዳነው ቁስል

ድህነት በሁለት ቦታ ይኖራል፤ በእጅና በልብ። በእጅ ያለውን ሥራ ያወጣዋል። በልብ የሚቀረው የመናቅ ቁስል ግን በሥራ ብዛት አይድንም።

ገና ከመንገሣቸው በፊት የሆነ ነገር ይህን ያሳያል። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ካሣን የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው ተሳድበው፣ ይዤው እመጣለሁ ብለው ፎክረው እንደ ዘመቱ ይተረካል። ድል ግን የካሣ ሆነ። ወንድይራድ ተይዘው ሲቀርቡም ካሣ ኮሶ አስመጥቶ አጠጣቸው። ትረካውን የሚሰማ ብዙ ሰው ይስቃል። በእውነቱ ግን የሚያሳዝን ነገር ነው። ልጁ በእናቱ ሥራ ቢኮራ ኖሮ ስድቡ ባልነካው ነበር። እናቱ አልሰረቁም፤ አልለመኑም፤ መድኃኒት ሸጠው ልጅ አሳደጉ። ነውሩ በተሳዳቢው እንጂ በሠራተኛዋ ላይ አልነበረም። ካሣ ግን የመበቀያ መሣሪያ ያደረገው ያንኑ ኮሶ ነበር፤ ስድቡ ገና በልቡ ውስጥ እየመረረ ነበርና።

ይህ ቁስል ከእርሳቸው ጋር ዙፋን ላይ ወጣ። በ1850 ዓ.ም እቴጌ ተዋበች ዐረፉ። ቁጣቸውን የምታበርድ፣ ምክር የሚሰሙላት ሰው ከጎናቸው ጠፋች። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ለራሳቸው ድካም እንደማይራሩ ሁሉ ለሌላውም የማይራሩ ሆኑ። ያልታዘዘውን ሁሉ እንደ ናቃቸው ቈጠሩት። ከካህናት ጋር የተነሣውም ክርክር በዚሁ መንገድ ሄደ። ንጉሡ ለሠራዊታቸው ቀለብ ፈልገው በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ብቻ መሬት ይዘው ሌላው እንደ ገበሬ ግብር እንዲከፍል አሰቡ። ካህናቱ ደግሞ መሬቱ ከጥንት ነገሥታት ለመቅደስ አገልግሎት የተሰጠ ነው ብለው እንቢ አሉ። በትዕግሥትና በምክር ሊፈታ ይችል የነበረው ነገር በኃይል ተፈጸመ። የቀቧቸው አቡነ ሰላማ ሳይቀሩ ታሰሩ፤ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያም በመቅደላ በእስር እንዳሉ ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። እናታቸው ኮሶ ሲሸጡባት የነበረች፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው ያደጉባት ከተማ ነበረች።

የመጨረሻውም ውድቀት መነሻው መናቅ ነው። በ1855 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ንግሥት ወደ ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፤ ወዳጅነትንና የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቁ። ደብዳቤው በለንደን መሥሪያ ቤት መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ለሌላ ንጉሥ ይህ የመሥሪያ ቤት ቸልተኝነት በሆነ ነበር፤ በስድብ ላደገ ልብ ግን የቆየው ንቀት ተመልሶ መምጣቱ ነው። የእንግሊዙን ቆንሲልና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ። እንግሊዝም ጦር አዘመተች።

በ1860 ዓ.ም ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። በብዙ ድካም የተጎተተው ሴባስቶፖል አልጠቀመም። ከዚያ በኋላ ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ በትንሣኤም በዓል ለእንግሊዙ አዛዥ ከብት ላኩ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ መቅደላ ስትደፈር እጃቸውን ለጠላት አልሰጡም፤ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሰዎች ይህን ጀግንነት ብለው ይዘክሩታል። ቤተ ክርስቲያን የሀገር ፍቅራቸውን አትክድም፤ ነገር ግን ሕይወት የሰጪዋ እንጂ የሰው አይደለችምና ራስን ማጥፋት መንገድ እንዳልሆነ ታስተምራለች። በነፍሳቸው ላይ የሚፈርደው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው። አስከሬናቸው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ። በኋላ ዐፅማቸው ወደ ተወለዱበት ቆላ፣ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም፣ እንደ ተመለሰ ይነገራል።

እኛስ ምን እንያዝ?

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በተለይም በኮኪት፣ በመተማና በቋራ እርሻዎች የምትደክሙ ወጣቶች፣ የዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምረናል።

የመጀመሪያው፣ ድህነት ዕጣ አለመሆኑን ነው። አባት የሌለው፣ ርስቱ የተወሰደበት ልጅ ከዚያው ቆላ ተነሥቶ ብዙ ርቀት ሄዷል። ዛሬ ማንም ዙፋን እንዲፈልግ አይጠበቅም። ነገር ግን ካሣ ያደረገውን በየአቅማችን ማድረግ እንችላለን። የሰሊጡ ወቅት ሲያልቅ የሚቈጠረው ደመወዝ ወደ መጠጥ ቤት ከመግባቱ በፊት ጥቂቱ እንኳ በሬ፣ ማረሻ፣ የስፌት መኪና ወይም የሙያ ትምህርት ክፍያ ይሁን። በቀን ሥራ ማንም አይፈር። ጌታችን የጸራቢ ልጅ ተብሎ ተጠርቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል፤ ሊሠራ የማይወድ ሰውም አይብላ ሲል አዝዟል። የመነኮሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ በታወከ ጊዜ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶም ሲጸልይ፣ ዳግመኛም ወደ ሥራው ሲመለስ አሳይቶታል። ሥራና ጸሎት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው ይጎድላል። ሰንበትንም ማክበር ስንፍና አይደለም። የስድስት ቀን ድካማችን የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን የምንመሰክርበት ነው።

ሁለተኛው፣ ሥራ ብቻውን ሰውን አያድንም የሚለው ነው። ነቢዩ ዳዊት እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ እንደሚደክሙ ዘምሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን መዝሙር በልጅነታቸው ደግመውታል። ሲነሡ ከድህነት ጋር ታግለው ጣሉት፤ በልባቸው የቀረውን ቂም ግን በንስሐና በይቅርታ አልጣሉትም። እኛም ከድህነት ስንወጣ ትናንት የሰደቡንን፣ በር የዘጉብንን፣ በሠርጋቸው ያላስቀመጡንን ሰዎች ዝርዝር ይዘን ከወጣን ሀብታችን መበቀያ ይሆናል፤ በመጨረሻም ራሳችንን ይበላናል። የናቀንን ይቅር ማለት ሽንፈት አይደለም፤ ቁስሉን ማዳን ነው። ይህን ደግሞ የሚያደርገው መድኃኒት በቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር፣ ንስሐ መግባት፣ ሥጋ ወደሙን መቀበል ነው።

ለባለ እርሻዎችና ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን። ሐዋርያው ያዕቆብ የአጫጆች ደመወዝ ሲቀር ጩኸታቸው ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ አስጠንቅቋል። በእርሻችሁ ጎንበስ ብሎ የሚያጭደው ልጅ ምን እንደሚሆን አታውቁም። የተስማማችሁትን በጊዜው ስጡት፤ ሲታመም አሳክሙት፤ በስሙ እንጂ በንቀት ቃል አትጥሩት። የተናቀ ልጅ ሲያድግ ንቀቱን ይዞ ሊያድግ ይችላልና። ወላጆችም ልጆቻችሁን በሥራችሁ እንዲኮሩ አድርጋችሁ አሳድጉ። ጠላ ሻጯ፣ እንጨት ለቃሚዋ፣ የቀን ሠራተኛው አባት፣ ሁላችሁም በሐቅ ካሳደጋችኋቸው በልጆቻችሁ ፊት ቀና በሉ።

ካሣ ለተራበው የቋራ ሰው የእርሻ መሣሪያ በሰጠበት ቀን የሠራው ሥራ፣ መድፉን መቅደላ ካወጡበት ቀን ሥራ ይልቅ የከበረ ነበር። በዚያን ቀን የተዘራው እህል ሰው አጥግቧል። እግዚአብሔር አምላካችን እጃችንን ለሥራ፣ ልባችንን ለይቅርታ ያንሣልን፤ በቆላው በረሃ የሚደክሙትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ከደዌና ከክፉ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።